መርማሪው ከሄደ በኋላ

የውጭ የወንጀል ተከታታይ ፊልም የሚከታተል ሰው ይህችን ትዕይንት በደንብ ያውቃታል። ገዳዩ ተይዟል። ግን «አእምሮው ጤነኛ አይደለም» ተብሎ ወህኒ ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ይላካል። ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው በረጅም ኮሪደር ያስገቡታል። የብረት በር ይዘጋል። መርማሪዋ በመስታወቱ አሻግራ ለአፍታ ታየውና ኮቷን ደርባ ትወጣለች። ሙዚቃው ይገባል። የተዋንያኑ ስም ይወርዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው ያን ሌሊት እንዴት አደረ? ቤተሰቡ ጋ መደወል ይችላል? ጠበቃ ቆሞለታል? «ይህን መርፌ አልወጋም» ቢል ይሰሙታል? ደግሞስ መቼ ነው የሚወጣው? የሚወስነውስ ማን ነው? ድራማው በር ላይ ያልቃል። የታካሚው መብት ግን እዚያው በር ላይ ነው የሚጀምረው። ይህን ነገር ስብሰለሰልበት ኖሬያለሁ፤ እኛም ቤተሰብ እንዲህ ያለ በር ገጥሞናልና።

ሰፈሬ ግንፍሌ ነው፣ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ከጀመረ ወዲህ ማታ ማታ በአማርኛ ድምፅ የተሠራ የውጭ ድራማ የማይከፈትበት ቤት ጥቂት ነው። ወጣቶቹ ደግሞ የአሜሪካንና የእንግሊዝን የወንጀል ተከታታይ በፍላሽና በቴሌግራም ይቀባበላሉ። ስለ አእምሮ ሆስፒታል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከዚያ ነው። የምናየው ታካሚም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አደገኛው ገዳይ ነው። ሁለተኛዋ ጤነኛዋ ሴት ናት፤ ውርሷን ሊቀሟት የፈለጉ ዘመዶች ሐኪሙን በገንዘብ ይዘው «አብዳለች» ብለው ያስገቧታል። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ በእውነት የታመመ ተራ ሰው የለም። ጥቅምት ላይ የሚታመም፣ ታኅሣሥ ላይ የሚሻለው፣ ጥር ላይ ሥራው የሚመለስ፣ እናቱ የምትሳቀቅለት ሰው የለም። አብዛኛው ታካሚ ግን እሱ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም፤ ይልቅ እሱ ነው የሚደበደበው፣ የሚዘረፈው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚካሄዱ የፖሊስ ፊልሞች ላይ «ፊፍቲ ዋን ፊፍቲ» የሚል ነገር ትሰማላችሁ። 5150 የዚያ ክፍለ ግዛት ሕግ የአንቀጽ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣው ሕግ የመጣ ነው። ሰው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደጋ ከሆነ፣ ወይም ራሱን መመገብና መጠለያ ማግኘት ካቃተው፣ ለምርመራ እስከ 72 ሰዓት ሊያዝ ይችላል። ፊልሙ ላይ ይህ የመርማሪው ብልሃት ሆኖ ይቀርባል። ማስረጃ ሲያጥረው ተጠርጣሪውን 72 ሰዓት ያስቆልፍበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢላዋውን ፈልጎ ያገኛል። ሕጉ የወጣው ግን ለተቃራኒው ነበር። ሰው እንደ ዕቃ ተጥሎ ለዓመታት እንዳይረሳ ቀን ለመቁረጥ ነው። ሆስፒታሉ ከ72 ሰዓት በኋላ ሊያቆየው ከፈለገ እስከ 14 ቀን የሚያስይዝ ወረቀት መጻፍ አለበት፤ ወረቀቱ በተጻፈ በ4 ቀን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ይታያል። ታካሚው በፍርድ ቤት የመከራከር መብትም አለው።

ከሁሉ የገረሙኝ የዚያው ሕግ ትንንሽ መብቶች ናቸው። ታካሚው የራሱን ልብስ መልበስ ይችላል። በየቀኑ ጠያቂ ማየት ይችላል። ሰው ሳይሰማው ስልክ ማውራት ይችላል። ደብዳቤ መጻፊያ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ደብዳቤውም ሳይከፈት ይላካል። አሁን ፊልሙን አስታውሱ። ታካሚው እንደገባ መጀመሪያ የሚሆነው ምንድን ነው? የራሱን ልብስ አውልቆ የሆስፒታል ፒጃማ ይለብሳል። ተመልካቹ «አበደ» የሚለውን የሚያነበው ከፒጃማው ነው።

መርፌውም እንዲሁ። ፊልም ላይ ታካሚው ትንሽ ድምፁን ከፍ ካደረገ አራት ሰው ዘሎ ይይዘውና ይወጋዋል። ካሜራውም ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1987 እዚያው ካሊፎርኒያ አንድ ፍርድ ቤት ይህን በግልጽ ለየው። ሰው ሆስፒታል በግድ ገባ ማለት መድኃኒት የመቃወም መብቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ የመወሰን አቅሙን ማጣቱ መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት። መግባቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ መወጋቱ ሌላ ጥያቄ ነው።

የሐኪሙም ነገር ግራ ያጋባል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሚተላለፈው «ሎው ኤንድ ኦርደር፦ ኤስ ቪ ዩ» የተባለ የአሜሪካ የወንጀል ድራማ ላይ ዶክተር ጆርጅ ሁዋንግ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም አለ። ጨዋ፣ ረጋ ያለ፣ ሁላችንም የምንወደው ሰው ነው። ግን የኤፍ ቢ አይ፣ ማለትም የአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ምርመራ ቢሮ፣ ሰው ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ተጠርጣሪው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለመርማሪዎቹ ያብራራል። ይህ ሥራ በእውነቱም ዓለም አለ። ችግሩ ከአስር ፊልም በኋላ ተመልካቹ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሁሉ ለፖሊስ የሚሠራ ይመስለዋል። የሚመረምረው ሐኪምና የሚያክመው ሐኪም አንድ አይደሉም፤ የሚያክመው ምስጢር መጠበቅ አለበት። የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። ለሐኪም የሚነገር ነገር ወረዳ ይደርሳል ብሎ የሚፈራ ሰው አፉን አይከፍትም። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ሆምላንድ» የተባለውን የስለላ ድራማ ያያችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተላለፈውን ሦስተኛውን ምዕራፍ ታስታውሱ ይሆናል። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም ያለባት የስለላ ባለሙያ ለጋዜጠኛ ስታወራ ፖሊስ ይዟት ይሄዳል፤ ሆስፒታል ገብታ በግድ መድኃኒት ይሰጣታል። አንጀት ይበላል። ጥቂት ክፍሎች ቆይቶ ግን ነገሩ ከአለቃዋ ጋር የተሸረበ ዕቅድ እንደነበር ይገለጣል። እንደ ታሪክ አሪፍ ነው። እኔ ግን ተናደድኩ። ያ ሁሉ ጩኸት ወደ ኋላ ተመልሶ ትወና ሆነ። «አልታመምኩም፣ ልቀቁኝ» የሚል ሰው ስናይ ቀጥለን የምናስበው ምን እንዲሆን ነው?

ፊልም የማይሠራለት አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። ኬኔት ዶናልድሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ፍሎሪዳ ውስጥ በአእምሮ ሆስፒታል ተዘጋበት። ያመለከተው የገዛ አባቱ ነበር፤ ልጄ ሰው ሊጎዳኝ ነው እያለ ያስባል ብሎ። ክፋት አልነበረበትም። ዶናልድሰን ግን ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ ራሱንም ሊያጠፋ ሞክሮ አያውቅም። በሃይማኖቱ ምክንያት መድኃኒት አልወስድም አለ። ስለዚህ ሆስፒታሉ አስቀመጠው። ተቀመጠ። አንድ የኮሌጅ ጓደኛው እኔ ልውሰደው ብሎ ጻፈ፤ እንቢ ተባለ። ሚኒያፖሊስ የሚገኝ አንድ የማገገሚያ ቤት እኛ እንቀበለዋለን አለ፤ አሁንም እንቢ ተባለ። ራሱ ደግሞ እየደጋገመ ፍርድ ቤት ጻፈ። የወጣው ወደ 15 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971። ክሱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1975 በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አደገኛ ያልሆነን ሰው፣ ብቻውን ወይም በፈቃደኛ ቤተሰብና ወዳጅ እርዳታ ውጭ መኖር እየቻለ፣ ዝም ብሎ መዝጋት አይቻልም ተባለ።

ይህ ታሪክ ሬሳ የለውም። ሽጉጥ የለውም። ስለዚህ የወንጀል ድራማ አይሆንም። ሁለት ሌሎች ሰዎችም አሉ፣ በአጭሩ። መስማትና መናገር የማይችለው ቴዎን ጃክሰን በድምሩ 9 ዶላር በሚያወጣ ዘረፋ ተከሰሰ። ክሱን ሊረዳ አይችልም ተብሎ መውጫ በሌለው ሁኔታ ተያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም አለ። ማይክል ጆንስ ደግሞ በ1975 ከሱቅ ጃኬት ሊሰርቅ ሲል ተያዘ። ቢፈረድበት ከአንድ ዓመት አይበልጥም ነበር። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ተብሎ ሆስፒታል ገባ፤ በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከዚያ ዓመት በላይም ሊቆይ ይችላል ብሎ ወሰነበት። ፊልሙ «በእብደት አሳብቦ አመለጠ» ይለናል። ጆንስን «አመለጠ» የሚለው ማን ነው?

አሁን ወደ ቤታችን።

እዚህ በሩን የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስ አይደለም። ዳኛም አይደለም። ቤተሰብ ነው። ይህን የተማርኩት ከአክስቴ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ታሞ እንቅልፍ ካጣ ብዙ ሌሊት አልፎ ነበር። ሰዎች ይከታተሉኛል ይላል፤ የጎረቤቱን በር ሌሊት እየተነሣ ያንኳኳል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስንለው «የምናገረውን ለወረዳ ይነግሩብኛል» ነው መልሱ። በመጨረሻ ኮንትራት ታክሲ ጠርተን፣ እህቱና አማቹ ከኋላ መሐል አስቀምጠውት፣ ወሰድነው። የት እንደሆነ አልናገርም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደክሞታል፣ ውጭ ያለው ሰልፍ አላለቀም። ጥያቄውን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን እህቱን ነው። «ይተኛል?» «ይበላል?» «ሰው ይመታል?» የአክስቴ ልጅ አጠገቧ ቆሟል። «እበላለሁ» ይላል። ማንም ዞር አይልም። «ሰው መትቼ አላውቅም» ይላል። ሐኪሙ ይጽፋል። አክስቴ ፈረመች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀበቶውን፣ የጫማውን ማሰሪያና ስልኩን በጥቁር ፌስታል አድርገው ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት ወንዶች መርፌ ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

ከዚያ አንድ የሳይካትሪ ነርስ ገባ። ወንበር ስቦ ፊቱ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ተረኛው እኔ ነኝ። ቀበቶህን የወሰድነው አንተን ጠርጥረን አይደለም፤ እዚህ የሚገባ ሰው ሁሉ ቀበቶውን ይፈታል። የሚያስፈራህ ነገር አለ?»

«በሩን ከውጭ ነው የምትቆልፉት?»

«አዎ። ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ነው ያለው። ስትጠራኝ እመጣለሁ።»

የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ አየው። ቆይቶ ኪኒኑን ራሱ ተቀብሎ ዋጠ። መርፌው አላስፈለገም። ነርሱ ምንም የተለየ ነገር አልሠራም፤ የሚሆነውን ነገረው፣ የፈራውን ጠየቀው፣ ያልተዋበ መልስ ሰጠው። የታካሚ መብት በተግባር ሲታይ ለእኔ ይህን ይመስላል። በአንድም ፊልም ላይ አላየሁትም።

«መቼ ነው የምወጣው?» ብሎ ሐኪሙን ጠይቆት ነበር። «ሲሻልህ» ነው የተባለው። ሐኪሙ በቅንነት ነው የተናገረው። ግን ቀን የለውም። መሻሉን የሚያየውም ያው ያስገባው ሰው ነው። እንግሊዝ አገር ለምርመራ የገባ ሰው ቢበዛ 28 ቀን ይላል ሕጉ፤ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ገለልተኛ ጉባኤ ጉዳዬን ይይልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ቀኑ ቢረዝምም ቀን ነው። ግድግዳ ላይ ሊቆጥረው ይችላል።

ሕጋችን ባዶ ነው ብዬ አልማረርም፤ አንብቤዋለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ምርመራ ወይም ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ላይ በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ማንም ነጻነቱን እንደማያጣ ይላል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 14 ላይ ጉዳት መኖሩ በምንም ሁኔታ ነጻነትን ለመንፈግ ምክንያት አይሆንም ይላል፤ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። በሌላ በኩል ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 341 በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል የተኛ ሰው፣ ተኝቶ እስካለ ድረስ፣ እብደቱ በግልጽ የታወቀ ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። አንቀጽ 342 የበለጠ ይገርማል። ከ2000 ሰው በታች በሚኖርበት ቦታ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለው ሰው እንዲሁ ይቆጠራል። ሕጉ ይህን ያለው በዚያ ጊዜ የሚፈጸም ውል ሊፈርስ እንዲችል ነው፤ ለጥበቃ ነው። ግን ቤተሰብ ሰውን መዝጋቱን እንደ ማስረጃ ወስዶ ያልፋል። መዝጋቱ ትክክል ነበር ወይ ብሎ እዚያው ላይ አይጠይቅም።

የወንጀል ሕጉ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታው ካጠራጠረ ፍርድ ቤት ባለሙያ ያስመረምራል፤ ከሕጉ አንጻር ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ግን ዳኛው ነው። በሕመሙ ምክንያት ኃላፊ ያልሆነውና አደገኛ የሆነው ሰው በተገቢ ተቋም እንዲቆይ ይታዘዛል። ጊዜው አይገደብም፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በየሁለት ዓመቱ መልሶ ማየት አለበት። ሁለት ዓመት ረጅም ነው። ግን ልብ በሉ፦ ሰው የገደለ ታማሚ ፋይሉን የሚከፍትለት ዳኛ አለው። ማንንም ያልነካው የአክስቴ ልጅ የገባው በእናቱ ፊርማ ነው። ዳኛ አላየውም። ጠበቃ ይኑርህ ያለውም የለም።

እንዲህ ስል አክስቴን መክሰሴ አይደለም። በግድ ማስገባት ፈጽሞ ይቅር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ምክንያታቸውን አከብራለሁ፣ ግን እዚያ ድረስ አልሄድም። ያን ሳምንት ባናስገባው የሆነ ነገር ይደርስበት ነበር ብዬ አምናለሁ። መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሸክሙን የተሸከመው ቤተሰብ ነው። ማን አለና? አስታማሚ ሌሊቱን አግዳሚ ላይ አድሮ ጠዋት ሥራ ይገባል። ኪኒኑን ጁስ ውስጥ ደብቃ የምትሰጥ እናት ጨካኝ ሆና አይደለም፤ ጨንቋት ነው። ግን ያ ልጅ አንድ ቀን ብርጭቆው ሥር ዱቄት ያያል። ከዚያ በኋላ ከእናቱ እጅ ውሃ አይጠጣም። እዚህ ላይ ጥፋቱን ለማን እንደምሰጥ እስካሁን አስባለሁ። ለእናትየው ግን አልሰጥም።

የአክስቴ ልጅ ወጥቶ፣ አገግሞ፣ አሁን ሥራ ላይ ነው። በየወሩ ተመላላሽ ይታከማል። ደህና በሆነበት ሰሞን ቁጭ ብለን አንድ ወረቀት ጻፍን። ሐሳቡ የእሱ ነው፤ ዳግም ብታመም እንዲህ አድርጉልኝ የሚል። መጀመሪያ የሚጠራው እህቱ ናት፣ አማቹ አይደለም። ስልኩ ማታ ማታ ለአጭር ጊዜ ይሰጠው። የትኛው መርፌ ሰውነቱን እንደሚያደርቅበት ስሙን ጽፏል፤ ሌላ አማራጭ ካለ ያ ይቅር ብሏል። መድኃኒት በምግብ ተደብቆ አይሰጠው። ሐኪሙ የሚለውን ለእሱም ይንገሩት፣ የሚገባው ባይመስላቸውም። መሥሪያ ቤቱ ደውዬ ፈቃድ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ቅጂውን ካርዱ ውስጥ አስገባለት።

የመጨረሻው ተራ ቁጥር ላይ ግን አልተስማማንም። «ጠበል እሄዳለሁ፤ ኪኒኔን ሳላቋርጥ፣ ሳልታሰር» ብሎ ጽፏል። አክስቴ በጠበሉ ደስ አላት፤ በኪኒኑም እሺ አለች። «ሳልታሰር» የሚለውን ግን አልፈርምም ብላለች። እንጦጦ ላይ ሰንሰለት ፈቶ ገደል የገባ የሰው ልጅ አውቃለሁ ትላለች። እሱ ደግሞ ያችን መስመር ካወጣችሁ ወረቀቱን ቅደዱት ይላል። እህቱ አጠገቡ የምትሆን ከሆነስ ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ እህቱም ሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ ብላለች። አክስቴ ለንስሐ አባቷ ልታማክር ነው። እኔም ነርሱን ፈልጌ እጠይቀዋለሁ።